ይዤው የሄድኩት ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ተከራዬ ሰብለ ቤት ለቀቀች። ደሴ፣ ከግቢዬ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት አራት ዓመት ኖራለች። አስተማሪ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውራ ነው። በመካከላችን ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ ስትገባ «ጋሼ፣ ውል እንጻፍ ወይ?» ብላኝ ነበር። «ምን ያደርግልሻል? ዝም ብለሽ ግቢ» አልኳት፤ ገባች፤ በቃ።

ስትወጣ ግን ከወር በፊት ነገረችኝ። በመጨረሻው ቀን ወለሉን በውሃ አጠበች። ግድግዳው ላይ የመታቻቸውን ምስማሮች ነቅላ ቀዳዳቸውን በሳሙና ደፈነች፤ ይህን ማን እንዳስተማራት እንጃ። ከዚያ በረንዳ ላይ ፀሐይ ወደምሞቅበት መጣችና ቁልፉን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ምን አለብኝ?» አለችኝ።

«ምን ይኖርብሻል?»

«ውል ስለሌለን ጨነቀኝ። ያጎደልኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ ቅር ብሎዎት እንዳልሄድ።»

ቁልፉን ተቀበልኳት። እንደ ሞኝም ትኩር ብዬ አየኋት። በመውጣቷ የከፋኝ መስሏት «አይዞዎት፣ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ» አለችና ዕቃዋን ለማስጫን ሄደች። እኔ ግን የከፋኝ በእሷ አልነበረም። ቁምሳጥኔ ውስጥ፣ የመነጽሬ ቤት ሥር፣ ሌላ ቁልፍ አለ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚከፍተው በር የለም፤ ልጥለው ግን አልቻልኩም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «ይህ ደግሞ የምንድን ነው?» ትለኝ ነበር። «የድሮ ሣጥን ነው» እላት ነበር። ለሚስቴ እንኳ ዋሸሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ትልቁ ድርቅ ገና ሳይመጣ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ድሬሰርነት ተምሬ፣ ነጭ ጋወን ተሰጥቶኝ፣ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ከዚያ ካለፈ «ወደ ወልድያ ውሰዱት» የሚል ሰው ነው። ለላስታ ገበሬ ግን ጋወን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። እኔም አይ፣ አይደለሁም ብዬ አልተከራከርኩም፤ ስሙ ደስ ይላል።

የገባሁት በጥቅምት ነበር። መንገዱ ክረምቱን ይዘጋል፤ መኪና ዝር የሚለው በበጋ ብቻ ነው። በእህል ጭነት ላይ ተቀምጬ ስንወጣ ገብሱ በየተረተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ባቄላው ገና አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። ገና ከመኪናው ስወርድ «ይህን አገር አንድ ዓመትም አልችለውም» አልኩ። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ኖርኩበት።

ያኔ ቤት ማከራየት ያስጠይቃል። ከመኖሪያው ሌላ ቤት ያለው ሰው ትርፉ ተወርሶበታል፤ የቀረችውም ክፍል ባዶዋን ከተገኘች ቀበሌ መጥቶ ይጽፋታል። እንደ እኔ ያለ መጤ የቀበሌ ቤት ካላገኘ ደባል ሆኖ መግባት ነው፤ ለደባልነቱም አንድ ስም ያስፈልገዋል። ዘመድ መባል አለበት።

ዘመድ ያገኙልኝ ቄስ መንግሥቴ ናቸው። ዓይናቸውን እያመማቸው ጤና ጣቢያ ይመላለሱ ነበር። ጠብታ ሳደርግላቸው «አንተየ፣ የት ነው የምታድር?» አሉኝ። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ወየው! የሐኪም ልጅ ካርቶን ላይ!» ብለው በዚያው ቀን እጄን ይዘው የንስሐ ልጃቸው ወደሆኑት ወደ እትዬ አስካለ ቤት ወሰዱኝ።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። ቤታቸው የላስታ ሰው እንደሚሠራው ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ባለ ደርብ። ታች እሳቸው ይኖራሉ፤ ላይ ደግሞ በውጭ በኩል በድንጋይ ደረጃ የሚወጣባት አንዲት ክፍል አለች። ያች ክፍል የገና እንግዳ ናት። ባልና ሚስቱ ወጣት ሳሉ ተስለው፣ ለገና በእግሩ የሚመጣ መንገደኛ እንዲያድርባት ሰጥተዋት ነበር። ከገና ገና ባዶዋን ስለምትቀመጥ ግን ቀበሌው ዓይኑን ጥሎባታል። ሁለት ጊዜ መጥተው «ይህች ትርፍ አይደለችም ወይ?» ብለዋቸዋል።

እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ስማ ልጄ። ኪራይ አልቀበልህም፤ ኪራይ ከተቀበልኩ ወረሱኝ ማለት ነው። ላምባና ሳሙና ስታገኝ ታካፍለኛለህ። ለቀበሌ የእህቴ ልጅ ነህ። ታኅሣሥ ሲመጣ አሥር ቀን ታች ትወርድልኛለህ፤ ቤቱ የእንግዳ ነው። የምትሄድ ጊዜ ደግሞ አስቀድመህ ትነግረኛለህ። እነሱ ሳይሰሙ እውነተኛዋን የእህቴን ልጅ ከገጠር አምጥቼ አስገባባታለሁ። አንድ ሳምንት ባዶዋን ካገኟት ግን ሄደች።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

«እሺ ብቻ አይደለም። የምትወጣ ቀን እዚህች በር ላይ ቆመህ፣ ቁልፉን በእጄ ሰጥተህ፣ ‹ወጣሁ› ትለኛለህ። እኔም እመርቅሃለሁ። ይህን ካላልከኝ አልወጣህም፤ ቤቱም የአንተ ነው።»

ቄስ መንግሥቴ መስቀላቸውን አሳለሙንና «ምስክሩ እኔ ነኝ» አሉ። ውላችን ይኸው ነበር። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አንድ ጓጉንቸር ገዛሁ። ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱን ገና በመጀመሪያው ወር አሸተን ማርያም ስወጣ ገደል ውስጥ ጣልኩት። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ነበርኩ።

አኗኗራችንን ባወራው ብዙ ነው። ማታ ማታ ወደ ታች ወርጄ አብሬያቸው እበላለሁ። ሽሮ በገብስ እንጀራ፣ በጾም የባቄላ አሹቅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ተልባ። ጠላቸው ቀጭን ነበር፤ «ለመንገደኛ የሚጠመቅ ጠላ ሰው አያሰክርም» ይላሉ። ከጤና ጣቢያ ስመለስ እጄን ያሸቱና «ዛሬም አልኮል አልኮል ትላለህ፤ ታጠብልኝ» ይሉኛል። ስታመም አጃ አጥሚት ይሠሩልኛል፤ ሐኪሙን የሚያስታምሙት እሳቸው ነበሩ። ሰው ፊት «የእህቴ ልጅ» ሲሉኝ መጀመሪያ እሣቀቅ ነበር፤ ኋላ ኋላ ሳላውቀው «አክስቴ» ማለት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ገና አልረሳውም። ከሰቆጣ፣ ከራያ፣ ከበጌምድር፣ ሰው በእግሩ ይተማል። እትዬ አስካለ በትልቅ ጋን ውሃ ያሞቃሉ። እያንዳንዱ መንገደኛ ሲደርስ ደረጃው ሥር አስቀምጠው እግሩን ያጥባሉ፤ ሽማግሌ አይሉ፣ ሕፃን አይሉ። ተረከዛቸው እንደ ድርቅ መሬት የተሰነጣጠቀ ነው። እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ሳይ፣ «ምን ትገተራለህ? መድኃኒትህን አምጣና ና እንጂ!» አሉኝ። እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ ከአጠገባቸው ተንበርክኬ ጂቪ እቀባለሁ። ጂቪ ያ ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ነው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የአስካለ እንግዶች በእግራቸው ይለዩ ነበር፤ ሁሉም ሐምራዊ! ሰው ሲያይ ይሥቃል፣ እሳቸው ደግሞ ይኮራሉ። ከዚያ ጀምሮ ስሜ «ሐኪሜ» ሆነ።

በሁለተኛውም ገና እንዲሁ አደረግን። ለሦስተኛው አንድ ወር ሲቀረው፣ በኅዳር፣ ሐሙስ ቀን የዝውውር ደብዳቤ መጣልኝ። ደሴ! ሆስፒታል! መብራት ያለበት፣ ሲኒማ ያለበት አገር። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? መርፌ የምቀቅልበትን ዕቃ ይዤ ዘለልኩ። የሚሄደው መኪና ቅዳሜ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ማታ አለ፣ ዓርብ ሙሉ ቀን አለ። ሐሙስ ማታ እትዬ አስካለ ዘንድ እራት በላሁ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ «ሐኪሜ፣ ዘንድሮስ ጂቪህን ከአሁኑ ሸሸግ አድርግ፤ አምና አልቆብን አልነበር?» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ዓርብ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። ዝውውሩ ቢበላሽስ? ደሴ ደርሼ «ቦታው ተይዟል፣ ተመለስ» ቢሉኝስ? ነግሬያቸው የእህታቸው ልጅ ከገባች፣ እኔ ወደ ካርቶኔ ልመለስ ነው። ክፍሏ ተይዛ ብትቆየኝ አይሻልም?

ይህን ያማከርኩት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነበር። «ውል አለህ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ኪራይ ትከፍላለህ?»

«አልከፍልም።»

«ታዲያ ምን አለብህ? ቆልፈህ ሂድ፤ ከተሳካልህ ኋላ ትጽፍላቸዋለህ።»

እሱን አልወቅስም። እሱ ክፍሏ ባዶዋን ከተገኘች ምን እንደምትሆን አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር። ጥሩ አድርጌ አውቅ ነበር። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ሲያለቅሱ ማየት አልፈለግሁም። ስንቅ ልቋጥር፣ ሰው ልጥራ፣ ቄስ ይምጡ ማለታቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ ልቤ ደሴ ገብቶ ሲኒማ ያያል።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ በማለዳ ገበያ ወጡ፤ ለገናው ባቄላ ሊገዙ። እኔ ጨርቄን በአንዲት ሻንጣ ከተትኩ። ክፍሏ ውስጥ የሚረባ ነገር አልቀረም። በሩን ዘግቼ ጓጉንቸሩን ጠረቀምኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ቆልፌ ሄድኩ ማለት ገና አልወጣሁም ማለት ነው፣ እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ አይደል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወለሉን እንኳ አልጠረግሁም።

መኪናው በገበያው ዳር ነው የሚያልፈው። እኔ ጭነቱ ላይ ነኝ። አየኋቸው። ከእህል ሻጮቹ መሃል ቁጢጥ ብለው፣ ባቄላውን በመዳፋቸው እያንከባለሉ፣ ነቀዝ አለበት የለበትም ብለው ከሻጩ ጋር ይሟገታሉ። መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ ቀና አሉ። እኔ ጎንበስ አልኩ። በጆንያዎቹ መሃል፣ ፊቴን ከጉልበቴ ቀብሬ፣ ገበያው እስኪያልፍ ድረስ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ነገር ሠርቻለሁ፤ ሰው አስቀይሜያለሁ፣ ሰው አስቀይሞኛል። እንደዚያ ጎንበስ ማለቴ ግን የሚያሳፍረኝ የለም።

ዝውውሩ ተሳካ። ደሴ ቦታዬን ያዝኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ እንዴ? ጀመርኩ። «ለተከበሩ አክስቴ» ከሚለው በላይ መግፋት አቃተኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ያልጻፈ ሰው በሁለተኛው ወር ምን ብሎ ይጽፋል? በዓመቱማ ጭራሽ። ገና ሲደርስ ትዝ ይሉኛል፤ ከዚያ ሥራ ይበዛል፣ እረሳቸዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት በተመላላሽ ክፍል ቁስል ሳጥብ አንድ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ ልጅ እየመራቸው ገቡ። ቄስ መንግሥቴ ናቸው። ለዓይናቸው ነው የመጡት። «እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አልኩ፤ ድምፄን ሲሰሙ ቆሙ። ቀረብ ብለው በደከመው ዓይናቸው ፊቴን መረመሩ። ከዚያ አማተቡ።

«በስመ አብ! አንተየ፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ አባቴ፣ ምን ሆኜ?»

«መቼ ፈቱህ?»

«ማን አስሮኝ?»

እጃቸውን አግዳሚው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«አስካለ ያን ዕለት ከገበያ ስትመለስ በርህ ተቆልፏል። ሥራ ነው ብላ እራት አቆየችልህ። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች። ‹ተዛውሯል› አሏት። አንተ ታውቀዋለህ፣ በዚህ ዘመን ስንቱን ወስደው ነው ተዛወረ የሚሉት። እሷም ‹ሳይነግረኝ አይሄድም፣ ቁልፉን ይዞ አይሄድም። ወስደውብኛል› አለች። ባልንጀራህ ማለላት፤ አላመነችውም። በሶ ቋጥራ እስር ቤት በር ሄደች። ዘበኛው ‹እንዲህ የሚባል የለም› አላት፤ እሱንም አላመነችውም። በየሳምንቱ እየሄደች በሶውን ትሰጠዋለች። ማን እንደበላው እግዜር ይወቅ።»

እኔ ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት ነበርኩ። ይህን አልነገርኳቸውም።

«ገና ደረሰ» አሉ ቄስ መንግሥቴ። «መንገደኛው እንደ ልማዱ መጣ። ‹ጓጉንቸሩን ስበሪው› አልናት፤ እኔ ራሴ አልኳት። ‹አባቴ፣ እርስዎ ምስክር አልነበሩም ወይ? ወጣሁ አላለኝም። የታሰረ ሰው ቤት አልሰብርም፤ ዕቃውም እዚያ ነው› አለችኝ። ታችኛዋ ቤት ለሁሉ አትበቃ፤ የተረፈው እንግዳ ግቢ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ በዚያ ውርጭ ተኛ። እሷም ‹እንግዳዬ ውጭ ተኝቶ እኔ ቤት አልገባም› ብላ አብራቸው ተኛች። ሳሉን ከዚያ ይዛው ቀረች።»

«ከዚያስ?» አልኩ፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ከዚያማ በጥር ቀበሌዎቹ መጡ። ሁለት ወር ሰው ያላደረባት ክፍል ትርፍ ናት አሉ። ‹የእህቴ ልጅ ቤት ናት፣ ይመለሳል፣ ዕቃው አለ› ብላ በሩ ላይ ቆመች። ገፍተዋት ሰበሩት። ውስጡ ምን ነበር መሰለህ? አንድ የተቀደደ ካልሲና ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ። ሰው ሳቀ። ‹እህትሽ ወንድ ልጅ የላትም፤ ማነው ይህ?› ብለው ሦስት ቀን አሰሯት። ሌላ ወንጀል እንዳይጨምሩብህ ፈርታ ‹የእህቴ ልጅ ነው› እንዳለች ጸናች። ክፍሏን ወስደው የቀበሌ መጋዘን አደረጓት። አስካለ ይኸው ሦስት ገና እንግዳ አላሳደረችም።»

ልጁ የቄሱን ከዘራ ይዞ ወደ እኔ ያያል። በሽተኞቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። እጄ ላይ ያለው ፋሻ ተተርትሮ መሬት ወርዷል።

«ለመሆኑ ያኔ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«እዚህ፣ አባቴ።»

«እዚህ ደሴ?»

«እዚህ ደሴ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ሦስት ዓመት ስምህን በጸሎት አነሣሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሕያዋን ጋር ላንሣህ ከሙታን፣ ግራ ገብቶኝ።»

ማረፊያዬ ሮጥኩ። ቁልፉን አመጣሁ፤ ሁለት ኪሎ ስኳርና አምስት ሳሙናም ጨመርኩበት። «ይስጡልኝ» አልኩ። እጃቸውን ሰበሰቡ። ስኳሩንም አልነኩትም።

«ቁልፍ በሰው አይላክም። እኔም ምስክር ነኝ እንጂ ተላላኪህ አይደለሁም። ሄደህ በሯ ላይ ቁምና ወጣሁ በላት። ሌላ ምንም የለብህም።»

«ለገና እመጣለሁ፤ እግዜር ምስክሬ ነው።»

«ልንገራት?»

«ይንገሯት።»

አልሄድኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሰበብ ልፈልግ ይቃጣኛል። ፈቃድ ከለከሉኝ ልበል? አልጠየቅሁም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ልበል? በገና መንገዱ ክፍት ነው። ልሄድ ተነሥቼ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። በዚያች በር ስቆም እሳቸው እንዴት እንደሚያዩኝ ታየኝና ሻንጣዬን ፈታሁት። የሚቀጥለው ዓመት ሄጄ ወጣሁ እላለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ዓመት ድርቁ መጣ፤ ላስታ ላስታ መሆኑ ቀረ፤ እኛም ደሴ ላይ በበሽተኛ ተጥለቀለቅን። ከዚያ በኋላ የሰማሁት እትዬ አስካለ ገጠር እህታቸው ዘንድ ሄደው እዚያው ማረፋቸውን ነው።

የሄድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ጋሸና ላይ አውቶቡስ ቀይሬ፣ ቁልፉን በደረት ኪሴ ይዤ። ለማን እንደምሰጠው ሳላውቅ። ቤቱ ቆሟል፤ ላይኛዋ ክፍል ሌላ ቁልፍ ተደርጎባታል፤ ደረጃው ላይ የማላውቃት ሴት በርበሬ አስጥታለች። ማን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «መንገደኛ ነኝ» አልኳት።

ቄስ መንግሥቴን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አገኘኋቸው። ጭራሽ አያዩም። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ራሴን ደባበሱኝ።

«ነግሬያት ነበር» አሉ። «በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፣ አልታሰረም አልኳት። እልል አለች። መጋዘን የሆነችውን ክፍሏን እያየች፣ እየሳለች፣ እልል አለች። ለገና ይመጣል ስላት ጋኑን አወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሦስት ቀን መንገድ አየች።»

መሬቱን አየሁ።

«ከበዓሉ በኋላ ቤቴ መጣች። ‹አባቴ፣ ንስሐ ልግባ፤ ልጁን የሆነ ነገር በድዬዋለሁ› አለችኝ። ‹ምን በደልሽው?› ብላት፣ ‹እሱ ነው የጨነቀኝ፣ አላውቀውም። ባልበድለውማ ሳይሰናበተኝ አይሄድም ነበር። ምን አለብኝ?› አለችኝ።»

እትዬ አስካለ እንዲህ ብለው ነው የሞቱት። ቤታቸውን አስወስጄባቸው፣ ስለታቸውን አስታጉዬባቸው፣ በሰው ፊት አሳስሬያቸው፣ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ፈለጉት። ያን ቀን የበላሁት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህም ላሊበላን አላየሁም፤ ለገና ልጆቼ እንሂድ ሲሉኝ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ።

እንግዲህ ሰብለ «ምን አለብኝ?» ስትለኝ አፌ የተሳሰረው ለዚህ ነው።

ዕቃዋን አስጭና ስትመለስ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ነይ» ብዬ የቤቷ በር ላይ አቆምኳትና ቁልፉን መልሼ ሰጠኋት። «አሁን በእጄ ስጪኝና ወጣሁ በይኝ።»

ሣቀች። «ወይ ጋሼ! እሺ፤ ወጣሁ።»

«ምንም የለብሽም» አልኳት። «የገባሽበት ቤት ይሙላልሽ። መንገድሽ ይቅናልሽ። እግዜር ይከተልሽ።» ቃሉ እትዬ አስካለ መንገደኞቻቸውን ሲሸኙ የሚሉት ነው። ሰብለ አሜን አሜን ብላ ትከሻዬን ስማኝ ሄደች። መኪናዋ እስኪታጠፍ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ ቁምሳጥኑን ከፍቼ የድሮውን ቁልፍ አወጣሁ። ወደ ባዶዋ ሰርቪስ ቤት ተመለስኩ። ወለሉ ገና አልደረቀም፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ቁልፉን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ «እትዬ፣ ወጣሁ» አልኩ። ሽማግሌ ብቻውን ሲናገር ሰው ቢሰማ ምን ይላል ብዬም አፈርኩ። ጥቂት ጠበቅሁ። የሚቀበለኝ አልነበረም፤ ቁልፉን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።